ማን ለማን ይቆማል?

የአገራችን ኬላ አብዛኛውን ጊዜ ገመድ ነው። መንገዱ ዳርና ዳር እንጨት ይተከላል፣ ገመድ ይወጠራል፣ ከሩቅ እንዲታይ የፌስታል ቁራጭ ይንጠለጠልበታል፤ አንድ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫፉን ይይዛል። ሲለቀው መንገድ፣ ሲስበው በር ነው። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ ይህን ገመድ መልመዱ አይቀርም። እኔም ለምጄዋለሁ። ዛሬ የማነሳው ግን ገመዱን ሳይሆን ገመዱ ያስታወሰኝን ነገር ነው፤ ባቡርና የመኪና መንገድ በአንድ ወለል ላይ የሚገናኙበትን ቦታ፣ የሐዲድ ማቋረጫን።

«መተማ ላይ ደግሞ ምን ባቡር አለ?» የሚል አንባቢ አልተሳሳተም። የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ነገር ግን ባቡር ይህችን ከተማ ከአንድም ሁለት አቅጣጫ ተጠግቷት ቆሟል። ከመቆሙም በላይ የሚገርመኝ ባቡር ሳይኖር ማቋረጫው መኖሩ ነው።

በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰሊጥ በሚታጨድበትና በሚራገፍበት ወቅት፣ በዚህ መንገድ ዳር ግማሽ ቀን መቆም በቂ ነው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ቆባ ደርቆ ከተከፈተ ምርቱ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ከደጋ የወረደው ሳሉግ፣ የወቅቱ የቀን ሠራተኛ፣ በጭነት መኪና ታጭቆ ይመጣል፣ ትራክተሩ ከእርሻው ጭቃ እየጎተተ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ኢሱዙው ኩንታሉን ተሸክሞ ወደ ጎንደር ያቃስታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ። እግረኛ ለባጃጅ ይቆማል። ባጃጅ ለኢሱዙ ይቆማል። ኢሱዙ ለባለ ተሳቢው ይቆማል። ባለ ተሳቢው ለበሬ ይቆማል። በሬ ለማንም አይቆምም። ጡሩምባ ቢነፉበት አንገቱን አያዞርም። እረኛውም ዱላውን በትከሻው አግድሞ ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላል። አረማመዱ መንገዱን ከአስፋልቱ በፊት የሚያውቅ ሰው አረማመድ ነው።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ባቡር የት ይገባል? ጥያቄው ለቀልድ የተነሳ አይደለም። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባዘጋጀው አገር አቀፍ የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ከወረታ ተነስቶ በአዘዞ በኩል መተማ የሚደርስ 244 ኪሎ ሜትር መስመር ተሰምሯል። እስካሁን ከወረቀት አልወረደም። ወረቀት ላይ ደግሞ መስመር በሬ አያጋጥመውም።

፨

ባቡር መተማን እንዴት እንደተጠጋት ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹን በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የባቡር መዝገብ የተያዘው በዚያ ነውና።)

ነገሩ የሚጀምረው ከተማዋን በስማቸው ካስጠሯት ንጉሥ ነው። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ጣሊያኖች ከምፅዋ ወደ ሰሐጢ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘረጉ። ዓላማው ንግድ አልነበረም፤ ምሽግ ውስጥ ላለ ወታደር ውኃ፣ ስንቅና ጥይት ማድረስ ነበር። በመጋቢት 1888 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቅ ጦር አስከትለው እስከ ሰሐጢ ወረዱ። ጠላታቸው ከምሽጉ አልወጣም፤ መውጣትም አላስፈለገው፣ ስንቁ በሐዲድ እየመጣለት ነውና። በእግር የመጣ ጦር ግን ስንቁን በጀርባው ነው የሚሸከመው። ንጉሡ ሳይዋጉ ተመለሱ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም፣ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በቁስሉም ሞቱ። የመተማን ታሪክ ስንተርክ ሰይፉንና ጥይቱን እንጂ ያችን 27 ኪሎ ሜትር ብረት እምብዛም አናነሳም። እኔ ግን ያለ እርሷ ታሪኩ ጎዶሎ ይመስለኛል።

ያ ሐዲድ ቆይቶ አድጓል። በ1911 አስመራ ደረሰ፣ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርደት። ከዚያም ወደ ምዕራብ ጥቂት ገፍቶ ቢሻ ላይ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቆመ። ሐሳቡ ተሰነይን አልፎ መሄድ ነበር፤ አልሄደም።

ከወዲያ ማዶ ደግሞ እንግሊዞች አሉ። በግንቦት 1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ነው መተማን እዚህ፣ ገላባትን እዚያ ያደረገው። የዚያ ውል ሌላ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እንግሊዝ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት አቋርጦ እንዲያልፍ የመሥራት መብት የሚሰጥ ነው። ያ ባቡር አልተሠራም። በሱዳን ምድር የተሠራው ግን በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ሰናር ደረሰ። ገዳሪፍ ከገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1940 ጣሊያን መተማን ይዞ በነበረ ጊዜ ዊሊያም ስሊም የተባለው የእንግሊዝ አዛዥ 10ኛውን የህንድ ብርጌድ ይዞ ገላባትን ሲያጠቃ ለግንባሩ የሚቀርበው የባቡር ጣቢያ ይኸው ገዳሪፍ ነበር። ስሊም የገላባትን ምሽግ ያዘ፤ ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ መተማ መግባት ግን አልቻለም። በተከታዩ ዓመት፣ እንግሊዞች ኤርትራን ሲይዙ፣ ከከሰላ አጠገብ አንድ ቅርንጫፍ ሐዲድ እስከ ተሰነይ ዘረጉ፤ በኋላ ነቀሉት።

ሦስተኛው ባቡር የራሳችን ነው። ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ተጀምሮ፣ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው። 784 ኪሎ ሜትር። ለመተማ ግን ሩቅ ነው።

እንግዲህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት በኤርትራው 950 ሚሊ ሜትር ነው። በጅቡቲው 1000። በሱዳኑ 1067። አሁን ከሰበታ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ደግሞ 1435። በአንድ አካባቢ አራት ስፋት! የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ሦስቱ አሮጌ መስመሮች ሁሉም «ጠባብ ሐዲድ» ይባላሉ፤ በተራራ ላይ ርካሽ ናቸው፣ ጥምዝ ይችላሉ፣ ድልድያቸው ቀጭን ነው። ነገር ግን ቢገናኙ ኖሮ እንኳ ጭነቱ ከአንዱ ወርዶ በሌላው ላይ በሰው ትከሻ መጫን ነበረበት። ዛሬ መተማ ድልድይ አጠገብ ሳሉግ የሚሠራውን ሥራ ማለቴ ነው።

፨

የሐዲድ ማቋረጫ ምንድን ነው? ቀላል ይመስላል። ሐዲዱ ይመጣል፣ አስፋልቱ ይመጣል፣ ይቋረጣሉ። ችግሩ ባቡር መሪ የሌለው መሆኑ ነው። ባለ ተሳቢው ሾፌር በሬ ሲያይ ወደ ግራ ይጠመዝዛል፣ ካልሆነም ቦይ ውስጥ ይገባል። የባቡር ነጂ የሚጠመዝዘው ነገር የለውም። ያለው ፍሬንና ጡሩምባ ነው። ፍሬኑም ብረት በብረት ላይ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ በደንብ የተጫነ የጭነት ባቡር በሙሉ ፍጥነቱ እየሄደ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ነጂው በሬውን ባየበት ቅጽበት ነገሩ አብቅቷል። ስለዚህ በዓለም ላይ ያሉ ማቋረጫዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ፍርድ ላይ የቆሙ ናቸው፤ መንገደኛው ይቆማል፣ ባቡሩ ያልፋል። ደወሉ፣ ቀይ መብራቱ፣ የሚወርደው ግንድ፣ ባንዲራ የያዘው ዘበኛ፣ ሁሉም የዚያ ፍርድ አስፈጻሚዎች ናቸው።

ከፍርዱ በታች ደግሞ መሬት አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመተማ ነገር የሚከብደው እዚህ ነውና።

የባቡር ጎማ በውስጥ በኩል ከንፈር አለው። ጎማውን ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ያ ከንፈር ነው። በሜዳ ላይ ሐዲዱ ከጠጠሩ በላይ ስለሚቆም ከንፈሩ በነፃ ያልፋል። ማቋረጫ ላይ ግን መኪና እንዲያልፍ አስፋልቱ ከሐዲዱ አናት እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ብረት ውስጠኛ ጎን ላይ ከንፈሩ የሚያልፍበት ጠባብ ቦይ ይተዋል፤ ስፋቱ አራት ጣት ቢሆን ነው። ያ ቦይ የማቋረጫው ሁሉ ድካም ነው። ጠጠር ይገባበታል፣ ጭቃ ይገባበታል፣ ጭቃው ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። ቦዩ ከሞላ ከንፈሩ የሚረግጠው ሐዲዱን ሳይሆን የሞላውን ነገር ነው፤ ጎማውም ሊወጣ ይችላል።

አሁን ይህን ቦይ ወደ ዋልካ መሬት አምጡት። በመተማና በቋራ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ለሰሊጥ፣ ለማሽላና ለጥጥ በረከት ነው። ለመሐንዲስ ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይደርቅና ክንድ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። ባቡሩ በላዩ ባለፈ ቁጥር እርጥቡ አፈር በጠጠሩ መካከል ወደ ላይ ይገፋል፣ ጠጠሩም ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሐዲዱ እንደ አሮጌ አልጋ ይጎብጣል። ፈውሱ ይታወቃል፤ አፈሩን ቆፍሮ ማውጣት፣ በሌላ መተካት፣ ውኃውን ማራቅ፣ መስመሩን ከፍ ባለ ድልዳል ላይ ማስኬድ። ውድ ነው። ማቋረጫው ላይ ደግሞ ድልዳሉ ከፍ ካለ መንገዱም አብሮት መውጣት አለበት። ጎማው ላይ ግማሽ ኩንታል ዋልካ የለጠፈው ትራክተር ያንን ዳገት ወጥቶ፣ ጭቃውን ቦዩ ውስጥ አራግፎ፣ ወደ ማዶ ይወርዳል። በቀን መቶ ጊዜ።

ሌላም አለ። በመስከረም የመተማ ማሽላ ከሰው ቁመት ይበልጣል። መንገድ ዳር ድረስ የተዘራ እንደሆነ ሾፌሩ የሚያየው ከፊቱ ያለውን አስፋልትና ከጎኑ ያለውን አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ባቡሩን የሚያየው ሐዲዱ ላይ ከወጣ በኋላ ይሆናል። በሌሎች አገሮች ማቋረጫ አጠገብ ዛፍ መቁረጥ የታወቀ ሥራ ነው፤ እዚህ ግን የሚቆረጠው የሰው እህል ነው።

፨

ታዲያ መንገደኛው ይቁም የሚለው ፍርድ የሚገለበጥበት ቦታ አለ ወይ? አለ። እኔ ከሰማኋቸው ማቋረጫዎች ሁሉ የሚያስቀኝ በኒውዚላንድ፣ በጊዝቦርን ከተማ ያለው ነው። እዚያ ሐዲዱ የሚያቋርጠው የመኪና መንገድ ሳይሆን አውሮፕላን የሚነሳበትን ዋናውን ማኮብኮቢያ ነው። ባቡሩ ማኮብኮቢያው ዳር ደርሶ ይቆማል። ከማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ሰማዩን አይቶ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ካልሰጠው ይጠብቃል። ያ ለማንም የማይቆም ግዙፍ ነገር ለአንዲት ትንሽ አውሮፕላን እየተነፈሰ ሲቆም አስቡት። መደበኛው የጭነት አገልግሎት በ2012 ከተቋረጠ በኋላ ይህን ሐዲድ በሕይወት ያቆዩት የአሮጌ ባቡር ወዳጆች ናቸው፤ በ1897 የተሠራች የእንፋሎት ባቡር አድሰው ሽርሽረኛ ያመላልሱባት ነበር። 1897 የእኛ ሐዲድ ከጅቡቲ ጉዞውን የጀመረበት ዓመት ነው። የኒውዚላንድ ሐዲድ ስፋት ደግሞ 1067 ሚሊ ሜትር፣ ከገዳሪፉ ጋር አንድ ነው። በስፋት በኩል ቢሆን ያች ባቡር ማኮብኮቢያውን ተሻግራ ስታበቃ ገዳሪፍ ጣቢያ ገብታ መቆም ትችላለች።

በእንግሊዝ ደሴት በምዕራብ በኩል፣ ዌልስ ውስጥ ደግሞ ፖርትማዶግ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ድንጋይ ለማውረድ የተሠሩ ጠባብ ሐዲዶች ነበሯት፤ ስፋታቸው 60 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንዱ ተነቅሎ ለአሥርት ዓመታት ከቆየ በኋላ በጎ ፈቃደኞች እንደገና ዘረጉት። ከካርናርቮን ተነስቶ በተራሮች መሃል 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ በ2011 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ከተማዋ ጫፍ ላይ ይህ ትንሽ ሐዲድ ትልቁን የአገር አቀፍ ሐዲድ በአንድ ወለል ላይ ያቋርጠዋል። ባቡር ባቡርን! ብረቱ ብረቱን ስለሚቆርጥ አራት ቦታ ላይ የከንፈር ቦይ ተፈልፍሏል። የትልቁ መስመር ምልክት ሰጪ ካልፈቀደ ትንሹ አይንቀሳቀስም። ከዚያ አልፎ ትንሹ ባቡር ከተማው መሃል ድልድይ ላይ ይወጣና በመኪናው መንገድ ላይ፣ በመኪናዎቹ መሃል ይሄዳል፤ መኪናው ሁሉ ቆሞ ያሳልፈዋል። ለትልቁ ቆሞ የመጣ፣ ለራሱ ደግሞ ከተማ ሙሉ ቆመለት። የዚያ የሐዲድ ማቋረጫ ስም በዌልሽ ቋንቋ «ካይ ፓውብ» ነው። ትርጉሙ «የሁሉም ማሳ» ማለት ነው። ስሙን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ቆላ የወረደው የደጋ ከብት ነበር። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

፨

ከዚያ በፊት የራሳችንን ማቋረጫ ልናገር። የጅቡቲው አሮጌ ባቡር ከተሞችን አላቋረጠም፤ ከተሞቹ ናቸው ባቡሩን ከበው የበቀሉት። አዳማም፣ አዋሽም፣ ድሬዳዋም ጣቢያውን ተከትለው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ሐዲዱ ከተማው ውስጥ እንደ አንድ ነባር ነዋሪ ነበር። ሰው በሐዲዱ ላይ ይሄዳል፣ ፍየል በጠጠሩ መሃል የበቀለውን ትግጣለች፣ ሴቶች ዕቃቸውን ዳር ላይ ይዘረጋሉ። ባቡሩ ጡሩምባውን እየነፋ በዝግታ ሲመጣ ሁሉም ይነሳል፤ ሲያልፍ ሁሉም ይመለሳል። ግንድም፣ ገመድም፣ ባንዲራም የሌለበት ማቋረጫ፤ የሚጠብቀው ጆሮ ነው። የሚሠራውም ባቡሩ ቀርፋፋ በመሆኑ ብቻ ነበር። የአዲስ አበባው ወገን ከተዘጋ በኋላ እንኳ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያለው ቁራጭ ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ኑሮ ቀጥሏል።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ይህን አልወረሰም። ፈጣን ነው፣ ጡሩምባው ሲሰማ ደርሷል። ግመልና ከብት እየገጨ ከአርብቶ አደሩ ጋር በካሳ ክርክር ገባ፤ ፍጥነቱንም ቀንሶ ለመሄድ የተገደደበት ጊዜ አለ። ከሐዲዱ ሥር መተላለፊያ ተሠርቷል፤ ግመል ግን በአያቱ መንገድ እንጂ በመሐንዲስ መንገድ አይሄድም። እኔ በግመሉ አልፈርድም።

የአሮጌዎቹ ነገር ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ለገሃር፣ አዲስ አበባ፣ በ1929 በተመረቀው ጣቢያ ግቢ ንጉሣዊ ፉርጎዎች እንደ ቅርስ ቆመው ኖረዋል። ኤርትራ ውስጥ ግን ነገሩ መራራ ነበር። ባቡሩ በ1970ዎቹ አጋማሽ በጦርነቱ ምክንያት ቆመ፤ ሐዲዱና አግዳሚው እየተነቀለ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። ከነፃነት በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ ብረቱን ከምሽጎች እየፈቱ መልሰው ሐዲድ አደረጉት። ምፅዋና አስመራ በ2003 እንደገና ተገናኙ። 118 ኪሎ ሜትር፣ 30 ዋሻ፣ 65 ድልድይ፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ መውጣት። ዛሬ በዓለም ላይ የአሮጌ ባቡር ወዳጆች የሚናፍቁት መስመር ነው። ለአፄ ዮሐንስ ጠላት ስንቅ ያመላለሰችው የሰሐጢ ቁራጭ የዚሁ መስመር ዘር መሆኗን ለሽርሽረኛው ማን ይነግረው ይሆን?

፨

ወደ 244ቱ ኪሎ ሜትር እንመለስ። መስመሩ በአዘዞ ያልፋል ይላል። አዘዞ ላይ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ጊዝቦርንን አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ መሐንዲሶቹ እንደሚያስቡበት አልጠራጠርም።

ከአዘዞ በኋላ መሬቱ ይወርዳል። አዘዞ 2000 ሜትር አካባቢ፣ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ ናት። ለከባድ የጭነት ባቡር በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር መውረድ ብዙ ነው፤ በዚህ ሒሳብ 1300 ሜትር ለመውረድ 65 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት ማሽቆልቆል ያስፈልጋል። መኪናው መንገድ ከጭልጋ ወደ ነጋዴ ባሕር በአንድ ትንፋሽ የሚወርደውን ባቡሩ እየዞረ፣ እየተጠማዘዘ፣ የእጣኑን ዛፍ ኮረብታ ሁሉ እየጎበኘ ይወርደዋል። ለሽርሽረኛ ደስ የሚል ነው። ፍሬን ለያዘው ግን አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ የተጫነ ባቡር ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በሜዳ ላይ ከተናገርሁት ይበልጣል። በዚያ ቁልቁለት ግርጌ ደግሞ ሜዳው ይጀምራል፤ ሜዳው ላይም ማቋረጫዎቹ።

አሁን ወደ «የሁሉም ማሳ» ልመለስ። ክረምት ሲገባ ደጋው በእርሻ ይያዛል፤ ከብት የሚውልበት ቦታ ይጠፋል። ያኔ ከደምቢያ፣ ከጭልጋና ከሌላውም ደጋ ብዙ ከብት ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ይነዳል። ሣሩ እዚያ ነው። እርሻው ሲነሳ ይመለሳል። ይህ መንገድ በካርታ ላይ የለም፤ ባለቤትም የለውም፣ ወይም ባለቤቱ ያለፈበት ሁሉ ነው። የከብቱ መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ ነው፤ የባቡሩም እንዲሁ። አንዱ ሌላውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አያቋርጠውም፤ ሲጠማዘዙ ደግመው ደጋግመው ይገናኛሉ። የሰሊጥ ባለሀብቱ እርሻውን ሲያሰፋ የከብቱ መንገድ ጠብቧል፤ በዚህ የተነሳው ጠብ ለአካባቢው ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። ሐዲድ ሲጨመርበት መንገዱ የሚጠበው ብቻ አይደለም፤ ይቆረጣል። ለዚህ ነው ስለ መተማ ባቡር ሲወራ ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነቱና ስለ ፉርጎው ብዛት ሲጠይቅ እኔ ስንት መተላለፊያ፣ የት የት ላይ፣ ማንን ጠይቃችሁ የምለው። ሥዕሉን የሚስለው ሰው በሐምሌ ወርዶ ከእረኛ ጋር አንድ ሳምንት ቢሄድ ግማሹን መልስ ይዞ ይመለሳል። ሐምሌ ላይ ወባ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ዝንብ አለ፤ ጥናት ደግሞ በጥር ነው የሚወደድ።

በመተማ ያለው ትልቁ ማቋረጫ ግን ድልድዩ ነው። ከሥሩ ያለው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ አገር ከአገር የሚለየው አሸዋ ነው። በዚህ ድልድይ ላይ በ2000ዎቹ ኢትዮጵያ ከሱዳን የገዛችው ቤንዚን በቦቴ ገብቷል፣ ሰሊጥ ወጥቷል፣ የሱዳን ነጋዴ ቡና ሊጠጣ መጥቷል። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ሻንጣ የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ፣ አሮጊት እናቱን የደገፈ ሰው በዚሁ በኩል በእግሩ ተሻገረ። ያኔ መኪናው ነበር የቆመው፤ እግረኛው ነው ያለፈ።

ማታ ማታ፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲበርድ፣ ከብቱ ከውኃ ይመለሳል። ገመዱ ተወጥሯል። ከፊቱ ሁለት ኢሱዙና አንድ ባለ ተሳቢ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ወርደው ሻይ ይዘዋል፣ ረዳቱ ወረቀት ይዞ ይሮጣል። መንጋው ይደርሳል። መሪዋ ላም ገመዱን አይታ ትቆማለች፣ ታሸተዋለች። ከዚያም እንጨቱ ከተተከለበት በስተግራ ሦስት እርምጃ ወጣ ትላለች፣ ገመድ በሌለበት በኩል ታልፋለች፣ ሌሎቹም ይከተሏታል። እረኛው መጨረሻ ላይ ያልፋል። ገመዱን የያዘው ሰው ቀና ብሎ ሰላምታ ይሰጠዋል። መኪኖቹ ገና ናቸው።